ድርጅት ሲሞት ዕዳው ወዴት ይሄዳል?

ሰው ሲሞት ዕዳው ከርሱ ጋራ አይቀበርም። አበዳሪው ስለ ሐዘኑ ክብር በልቅሶው ቀን አፉን ባይከፍት፥ ከአርባው በኋላ መምጣቱን የሟቹ ቤተ ሰብ ሁሉ ያውቃል። ልጁም የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እየሰማ ያደገ ነውና፥ ያለው እንደ ሆነ ከፍሎ፥ የሌለው እንደ ሆነ ሽማግሌ ልኮ ቀን ለምኖ የአባቱን ስም ያነጻል። ይህ ሥርዓት የቆመው ባለዕዳው ሰው በመሆኑ ነው፤ ሰው ነፍስ አለውና ስለ ዕዳው ይጨነቃል፥ ልጅ አለውና ዕዳው ተቀባይ አያጣም። ነገር ግን ከሰው ይልቅ ብዙ የሚበደር፥ ከሰው ይልቅ ብዙ ተስፋ የሚሰጥ፥ ልጅም ነፍስም የሌለው ሌላ ባለዕዳ በዓለም ላይ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይኸውም ኩባንያ የሚባለው ነው። የሕግ ዐዋቂዎች የሕግ ሰውነት ሰጥተውታል፤ ይገዛል ይሸጣል፥ ይከሳል ይከሰሳል። የንስሐ አባት ግን የለውም።

ነገሩ ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው የሩቅ ጨዋታ አይደለም። በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፥ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ መንገደኛ፥ ትናንት ጤፍ ይታጨድበትና ከብት ይሰማራበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በፋብሪካ ግንብና በቆርቆሮ አጥር ተከቦ ያያል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ማለዳ በፋብሪካው በር ከሚሰለፉት ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ስለ እርጅና የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚያው በር ዘበኛ ሆኖ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን አንዳንድ ጊዜ የዚያው መሬት ገበሬ የነበረ ነው፤ ካሳውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ በቀድሞ እርሻው ላይ ዱላ ይዞ ያድራል። ለወጣቱም ለሽማግሌውም የተሰጠ ተስፋ አለ፤ ተስፋውን የሰጠው ግን ማን ነው? ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ተስፋው የማን ዕዳ ይሆናል? ይህን ለመመርመር፥ ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተነሥቶ 114 ዓመት በሠረገላና በኦቶሞቢል ሥራ የኖረውን አንድ የአሜሪካ ቤት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

የቤቱ ስም ስቱድቤከር ነው። (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሄንሪና ክሌመንት የተባሉ ወንድማማች በ1852 በኢንዲያና ግዛት፥ ሳውዝ ቤንድ በምትባል ከተማ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ከፈቱ። አባታቸውም ብረት ቀጥቃጭና ሠረገላ ሠሪ ነበር፤ ሃይማኖታቸው ከጀርመን አገር የመጣው፥ ጦርነትን አጥብቆ የሚጠላው የወንድሞች ማኅበር ነው። አባትየው፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከፍቅር በቀር የማንም ባለዕዳ መሆን እንደማይገባ የመከረውን ምክር የቤቱ መመሪያ አድርጎ እንደ ያዘው ይነገራል። በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጭ ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን በዐዋጅ እስከ መከልከል እንደ ደረሱ የሚያስታውስ ሰው፥ በዚያው ዘመን በሌላ አገር የቀጥቃጭ ልጆች ከታላላቅ ባለጸጎች መቈጠራቸውን ሲሰማ ሳይገረም አይቀርም።

ሦስተኛው ወንድም ጆን ሞህለር ወርቅ ወደሚቈፈርበት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ነበር፤ በዚያም ለወርቅ ቈፋሪዎች ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ እየሠራ ሲሸጥ ኖሮ በ1858 8,000 ዶላር ይዞ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የወንድሞቹ ቤት ለመንግሥት ጦር የሚሆን ሠረገላ መሥራት ጀምሮ ነበር። ሄንሪ ጦርነትን በሚከለክለው ሃይማኖቱ ምክንያት ኅሊናው እንደ ከበደበት ይነገራል፤ ድርሻውን ለጆን ሸጦ ወጣ። ከዚህ በኋላ በመጣው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ቤቱ እጅግ ከበረ፤ ኋላም ከዓለም ሠረገላ ሠሪዎች ሁሉ ትልቁ ለመባል በቃ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አንዱ ወንድም ኅሊናውን ይዞ ሲወጣ ቤቱ ባለበት ቀረ፤ የርሱን ቦታ የሚይዝ ገንዘብ ተገኝቷልና፥ ጭንቀቱን የሚወርስ ሰው መፈለግ አላስፈለገም።

በ1902 በኤሌክትሪክ የሚሄድ፥ በ1904 በቤንዚን የሚሄድ ኦቶሞቢል ሠሩ። የፈረስ ሠረገላ ዘመን ሲያልፍ ብዙዎቹ ሠረገላ ሠሪዎች አብረው አለፉ፤ ይህ ቤት ግን ተሻገረ። (በሰበታና በሱሉልታ መንገድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሞተ መኪና ጎማ ተፈትቶ የፈረስ ጋሪ ይሆናል።) በ1929 የዓለም ንግድ በወደቀ ጊዜ የኩባንያው አለቃ አልበርት ኧርስኪን ችግሩ ቶሎ ያልፋል ብሎ አመነ፤ ከተገኘው ትርፍ በላይም ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ሲያከፋፍል ቆየ። ይህ ከዘር እህል አንሥቶ ለበላተኛ እንደ መስፈር ነው። በ1933 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት በሾመው ባለዐደራ እጅ ወደቀ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ኧርስኪን በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ስለ ነፍሱ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። ኩባንያው ግን በሌሎች አለቆች እጅ ዳግመኛ ተነሣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 200,000 የሚጠጉ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሠራ፥ ከነዚያም የሚበዙት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። ከጦርነቱም በኋላ ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎቹ ቀድሞ አዲስ መልክ ያለው ኦቶሞቢል ለገበያ አወጣ።

የነገሩ ሥር ያለው ግን በ1950 በተደረገው ስምምነት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ቆም ብሎ መመልከት ይገባል። በዚያ ዓመት ኩባንያውና የሠራተኞቹ ማኅበር የጡረታ ውል ተዋዋሉ። ውሉ በተፈረመበት ቀን ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ረዥም ዘመን ያገለገሉ ነበሩና፥ ያለፈው አገልግሎታቸው እንዲቈጠርላቸው ተስፋ ተሰጣቸው። ስለዚያ ስላለፈው ዘመን ግን በጡረታው ሣጥን የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም፤ ኩባንያው በ30 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊሞላው አሰበ። ከዚያም በየድርድሩ የጡረታው ልክ ከፍ ባለ ቍጥር የሣጥኑ ጉድለት አብሮ ከፍ አለ። ለኩባንያው፥ ዛሬ በእጅ የሚቈጠር ደመወዝ ከመጨመር የነገን ጡረታ በወረቀት መጨመር ይቀለው ነበር፤ ለማኅበሩም መሪዎች ለአባሎቻቸው የሚያሳዩት ድል ሆነላቸው። ጡረታው የሚከፈለው በሣጥኑ ውስጥ ከሚገኘው ገንዘብ ብቻ መሆኑ በውሉ ተጽፎ ነበር፤ የተዋዋሉትም ያውቁታል። በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ግን የሰማው የጡረታውን ልክ ነው።

ከ1953 ጀምሮ ታላላቆቹ ኦቶሞቢል ሠሪዎች በዋጋ ሲፋለሙ ትንሹ ቤት ተረገጠ። በ1954 ፓካርድ ከሚባለው ሌላ ዝነኛ ቤት ጋራ ተዋሐደ፤ ውሕደቱም ሁለቱን አላዳነም፤ በ1958 የፓካርድ ስም ጠፋ። በ1963 ዲሴምበር 9፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን 1956 ዓ.ም.፥ የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ታወጀ፤ በዚያው ወር፥ የአሜሪካኖች ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ የመጨረሻው ኦቶሞቢል ወጣ። በካናዳ የቀረው ሥራም በ1966 ተቋረጠ። የጡረታው ሣጥን ተከፍቶ ሲከፋፈል፥ በጡረታ ላይ የነበሩትና 60 ዓመት የሞላቸው 3,600 ያህል ሰዎች ሙሉውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዓመት ዕድሜ የነበራቸውና 10 ዓመት ያገለገሉት 4,000 ያህል ሰዎች፥ ከሚገባቸው ከእያንዳንዱ ዶላር 15 ሳንቲም ያህል ደረሳቸው። ለሌሎቹ ምንም አልተረፈም። የ4,000ዎቹ አማካይ ዕድሜ 52፥ አማካይ አገልግሎታቸውም 23 ዓመት ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሆነውና ስድሳ የሞላው ሁለት ሰዎች በአንድ ማሽን ሠርተው ይሆናል፤ አንዱ ሙሉ ጡረታ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ ሌላው የወራት ልዩነት ከባልንጀራው ለየው።

እንግዲህ በንስሐ አባት ፊት ማን ይቅረብ? ፋብሪካውን የዘጋው አለቃ ውሉን አልጻፈም። ውሉን የጻፉት ደግሞ ፋብሪካው 30 ዓመት ይኖራል ብለው አምነው ነበር፤ ማመን ኀጢአት አይደለም። ባለአክሲዮኑ ወረቀቱን ከገበያ ገዛ፥ ሠራተኛውን አላየውም። የሠራተኞቹ ማኅበር መሪም የሣጥኑን ጉድለት እያወቀ ዝም ማለቱ፥ ጡረታ ጨርሶ ከሚቀር የጎደለ ይሻላል ብሎ ነው። በሬ በቅርጫ ሲከፋፈል ሥጋው አይጠፋም፤ በየቤቱ ሲፈለግ ይገኛል። ዕዳ በቅርጫ ሲከፋፈል ግን ለያንዳንዱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ ሁሉም የርሱ ድርሻ ከቁም ነገር እንዳልሆነ ይቈጥራል፤ በመጨረሻም ሙሉው በሬ የገባበት አይታወቅም። የኩባንያ ዕዳ ከሰው ዕዳ የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን ከዚህ ይከፋል። ድርጅት ሲሞት ዕዳው ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ በመጀመሪያ ድርጅቱ በእውነት ሞቶ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ይገባዋል። ስቱድቤከር ኩባንያ አልሞተም ነበር፤ የሞተው ኦቶሞቢሉ ነው። ኩባንያው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የሞተር ዘይት ማሻሻያ፥ ትንንሽ የእርሻ ትራክተርና የኤሌክትሪክ ጄነሬተር የሚሠሩ ሌሎች ድርጅቶችን ገዝቶ ነበርና፥ በነዚያ እየነገደ ቀጠለ፤ በ1967ም ከሌላ ኩባንያ ጋራ ተዋሕዶ ስሙን ይዞ ቆየ። ሟች አይከፍልም የሚለው ምክንያት ስለዚህ ሊነሣ አይችልም። ደግሞም ከነዚያ ድርጅቶች ገንዘብ ተወስዶ የሳውዝ ቤንድ ሠራተኞች ቢከፈሉበት በነርሱ የሚሠሩት ሌሎች ሠራተኞች በተጎዱ ነበር የሚል ይኖራል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ጡረታ የዘገየ ደመወዝ እንጂ ምጽዋት አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ደመወዛቸው ስለ ቀረባቸው ዐጫጆች ሲናገር፥ ጩኸታቸው ወደ ላይ እንደ ደረሰ ነግሯል፤ የዐጫጁ ደመወዝ መቅረቱ በዚያው ቀን ማታ ይታወቃል፥ የሳውዝ ቤንዱ ሠራተኛ ግን መቅረቱን ለማወቅ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀበት። በሕግ ዐይን ኩባንያው የማንም ባለዕዳ አልነበረም። የሽማግሌው አባት መመሪያ በፊደሉ ተጠበቀ፤ በመመሪያው ውስጥ በተለየ የተነገረው ያ አንዱ ዕዳ ብቻ ቀረ፥ እርሱንም የሚያስከፍል ፍርድ ቤት የለም።

አሜሪካኖች ከዚህ ውድቀት ተምረው፥ ዐሥር ዓመት ያህል ተከራክረው በ1974 የጡረታን ሣጥን የሚቈጣጠርና ሣጥኑ ሲጎድል ዋስ የሚሆን ሕግ አወጡ። በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ተያዘ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ሣጥኑ ከአሠሪው እጅ ወጥቶ በመንግሥት ተቋም እጅ ሆነ፤ መዋጮው ቀስ በቀስ አድጎ ከሠራተኛው ደመወዝ 7፥ ከአሠሪው 11 ከመቶ ደረሰ። ስለዚህ የሰበታው ፋብሪካ ቢዘጋ የሠራተኛው ዓመታት አብረው አይዘጉም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሞጆ መኪና እየገጣጠመ አባይ፥ አዋሽ፥ ተከዜ በሚሉ የወንዝ ስሞች ይሸጥ የነበረው ሆላንድ ካር በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተነሥቶ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሥራው ቆሟል፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ሁከት ደግሞ በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጥለው፥ ትናንት ሥራ የነበረው ሰው በማግስቱ በዐመድ ፊት ቆሞ ታይቷል። ድርጅት በኢትዮጵያም ይሞታል፥ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከሰው ዕድሜ ያንሳል።

ሕጉ ግን የሚጠብቀው በመዝገብ የገባውን ነው። ከሠራተኛው ቀንሶ ለጡረታው ሣጥን ያላስገባ አሠሪ ካለ፥ ያ ከሳውዝ ቤንድ የባሰ ነው፤ በዚያ ያልተሞላው የተስፋ ሣጥን ነበር፥ በዚህ ግን የተወሰደው የሠራተኛው የገዛ ገንዘቡ ነው። ሲሚንቶ ተሸክሞ ማታ ተከፍሎት የሚሄደው የቀን ሠራተኛም በየትኛውም ሣጥን ስሙ የለም።

ደግሞ አንድ ሌላ አለ። በዚያው በ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በጡረታው የሚታቀፉት በፈቃድ እንጂ በግዴታ አልነበረም። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር፥ በራሷ ሥርዓት ታስተዳድር ብሎ ይሆናል። ሌሊት ደወል የሚደውለው፥ የደብሩን አጥር የሚጠብቀው፥ ግቢውን የሚጠርገው ሰው ግን እንደ ፋብሪካው ሠራተኛ ያረጃል። ደብር ኩባንያ አይደለም፤ የሚዘጋበት ቀን ይመጣል ተብሎ አይታሰብም፥ አለቃውም ካህናቱም የንስሐ አባት አላቸው። በሰበታ ወይም በሱሉልታ ያለ አንድ ሰበካ ጉባኤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ፥ የሠላሳ ዓመቱ ዘበኛ ስም በየትኛው ዓምድ ተጽፎ ይገኛል?