የማን ፈቃድ?

ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነውን? ጥያቄውን ስናነሣ «ሰው እየተራበ ስለ ዛፍ መጨነቅ የጥጋበኛ ወግ ነው» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። አነጋገሩ የዋዛ አይደለም። ጭራሮ ተሸክማ ገበያ የምትወርደዋን እናት ኃጢአተኛ የሚላት ሃይማኖት ቢኖር እኛ የምንቆመው ከሷ ጋር ነው። ዳሩ ግን ነገሩን «ዛፍ ወይስ ሰው» ብለን ከመክፈላችን በፊት የሩቅ አገር ምእመናን ያደረጉትን እንመልከት።

በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናዎ ደሴት፣ ቡኪድኖን በሚባለው አውራጃ ሳን ፈርናንዶ የምትባል የገበሬዎች ወረዳ አለች። ሕዝቧ በብዛት ካቶሊክ ነው። የእንጨት ነጋዴዎች ደኑን መነጠሩት። ደኑ ሲሄድ ምንጩ ጎደለ፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ታጠበ፣ ማሳው ተጎዳ። ታዲያ ነጋዴዎቹ ሌቦች አልነበሩም፤ ማኅተም ያረፈበት የመንግሥት ፈቃድ በእጃቸው ነበር። ለማን አቤት ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1987 ገበሬው መንገድ ዘግቶ ግንድ የጫኑትን መኪናዎች አላሳልፍም አለ። ቁምስናውም አብሮት ቆመ። ኋላም ማኒላ ድረስ ዘልቀው ከመንግሥቱ የደን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጾሙ።

በ1988 የአገሪቱ ጳጳሳት ስለ ተፈጥሮ መጥፋት ባወጡት የጋራ መልእክት የሳን ፈርናንዶን ሰዎች በስም አነሧቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርና የድኻ ጩኸት ባንድነት ይሰማ ያሉት በ2015 ነው። ገበሬዎቹ 28 ዓመት ቀደሟቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ነጋዴው በኪሱ የያዘውን ወረቀት «ፈቃድ» እንለዋለን፤ በጸሎት ጊዜ ደግሞ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲሆን እንለምናለን። ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱ ፈቃዶች መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙስ? ሕግ የተፈቀደውን ይነግረናል፤ የተፈቀደ ሁሉ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። «ለዚህማ እግዚአብሔር ምን ያስፈልጋል? ሳይንስ ይበቃል» የሚልም ይኖራል። ሳይንስ ደን ሲጠፋ ውሃ እንደሚጎድል ያስረዳል፤ ከመኪናው ፊት ቁም ብሎ ግን አያዝም። ያን የሚያዘው ኅሊና ነው። የሳን ፈርናንዶ ሰዎች ኅሊናቸውን በእምነታቸው በኩል ሰሙት። ሌላው በሌላ በኩል ቢሰማው አንጣላም፤ ብቻ ይስማው።

ዋጋ አለው። በዚያው አውራጃ ደን እንዲጠብቁ ከመንግሥት ውክልና የተሰጣቸው ወጣቱ ካህን፣ አባ ኔሪ ሊቶ ሳቱር፣ በ1991 ተገደሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዙሪያው ሜዳ ተራቁቶ ሳለ ጽድና ወይራ ከቦት የምናየው ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ዛፉን ያቆየው ዘበኛ ሳይሆን የምእመኑ ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። መልካም። ነገር ግን ፍርሃቱ አጥሩ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ካጥሩ ወዲያ ያለውን ዛፍ ሌላ ፈጣሪ ፈጠረው እንዴ? የሳን ፈርናንዶ ሰዎች የቆሙት ካጥር ውጭ፣ አቧራው መንገድ ላይ ነበር።

እንግዲህ ለጥያቄያችን እንዲህ እንመልሳለን። ጭራሮ ለቃሚዋ እናት ቸግሯት ነው፤ የሚያስፈልጋት ፍርድ ሳይሆን ሌላ ማገዶና ሌላ እንጀራ ነው። የጎረቤቱን ውሃ እንደሚያደርቅ እያወቀ በወረቀት ተከልሎ የሚያስቆርጠው ግን የቆረጠው ዛፍ ብቻ አይደለም።

እኛስ? ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ ፈቃዱን የምንፈርመው እኛው ነን። በበዓል ቀን ችግኝ መትከል ደግ ነገር ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ማኅተሙን ከማሳረፋችን በፊት ከዛፉ ሥር የማን ምንጭ እንዳለ መጠየቅ ግን ያስቀይማል፤ እንጀራም ያሳጣ ይሆናል። ያን ቀን እንጠይቅ ይሆን?