የልጅም ሰዓት ሐቅ አለው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከራሴ ሳሎን የተነሳ ነው። በሌሎች ላይ ጣቴን ለመቀሰር ሳይሆን አስቀድሜ ራሴን ለመውቀስ የጻፍኩት መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እሻለሁ።

አንድ ምሽት ዒሻን ከቤተሰቤ ጋር በጀማዓ እየሰገድን ነበር። የ10 ዓመት ልጄ ከኋላዬ ቆሟል። አሰላምቼ ዞር ስል ልጁ አሁንም ሱጁድ ላይ ነው። ዱዓ እያደረገ መስሎኝ በልቤ ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ጠበቅኩት። ቀና አላለም። ጠጋ ብዬ ትከሻውን ብነካው ለካ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ እንቅልፍ ወስዶታል። ስቀሰቅሰው በድንጋጤ ተነሳና፣ "አባዬ፣ የቤት ሥራዬን አሁን እጨርሳለሁ" አለኝ። ሊጠይቀኝ የአዘቦት ቀን የመጣች እንግዳ ሳትሆን አብራን የምትኖረው እናቴ ይህን ሁሉ ከወንበሯ ላይ ሆና አየች። "ይህ ልጅ ምን ተሸክሞ ነው የሚውለው?" ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ኡስታዙ ደወሉልኝ። ልጁ ቂርኣት ሊጀመር ሲል ሆዴን አመመኝ እያለ መውጣት እንዳበዛ፣ ይህም ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ነገሩኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮ አንዳች በሽታ አላገኘበትም። በመጨረሻ ልጁን፣ "ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሲመልስ ሐኪሙ እኔን ተመለከተኝ። እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቤት እንደገባን ከደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ የልጄን ውሎ ጻፍኩት። ትምህርቱን ሊከልስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ከፈጅር በኋላ ቁርስ ሳያጣጥም ሰርቪስ ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት ትምህርት ቤት ነው። 10 ሰዓት ቤት ሲደርስ አስጠኚው በር ላይ ቆሟል። ከመግሪብ በኋላ መድረሳ ነው። ሲመለስ እራት፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ማታ 5 ሰዓት ላይ አልጋ። ቅዳሜ እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር፣ እሑድ ዋናና ለሒፍዝ ውድድር ዝግጅት። ስደምረው የሚተኛው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚያስፈልገው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ነው። "የምትጫወተውስ መቼ ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሰርቪስ ውስጥ እንጫወታለን እኮ" አለኝ። ይህን ያለው እያማረረ አልነበረም። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የጫንኩበት በክፋት ነው? አይደለም። እኔ ያጣሁትን እንዲያገኝ ብዬ ነው። ደሴ ላይ ሳድግ ሉሓችንን አጥበን የምንቀመጥባቸው ሐሙስና ጁምዓ ነበሩን። የዛሬው ልጄ ግን ከእኔ የተሻለ ሁሉ ሲኖረው እነዚያ ሁለት ቀናት የሉትም።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ዓሊም ትዝ አሉኝ። ኢማም አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1111 ወደ አኺራ የሄዱ ናቸው። "ኢሕያእ ዑሉሙዲን" በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፉ ልጅ ከቂርኣት ሲወጣ ድካሙን የሚያራግፍበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ይመክራሉ። ጨዋታን ከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ማስጨነቅ ልቡን እንደሚገድል፣ አእምሮውን እንደሚያደንዝ፣ ኑሮውንም እንደሚያጨልምበት ያስረዳሉ። በመጨረሻም ልጁ ከትምህርቱ የሚያመልጥበትን ዘዴ መፈለግ እንደሚጀምር ያስጠነቅቃሉ። ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ ያለፈው ይህ ማስጠንቀቂያ የልጄን የሆድ ሕመም በትክክል ይገልጸዋል። ልጄ ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ መውጫ አጥቶ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መውጫውን ያገኘው በቁርኣን ሰዓት መሆኑ ነው። ቁርኣንን ከድካም ጋር አስተሳስሮ ያደገ ልጅ ነፃነቱን ያገኘ ዕለት አስቀድሞ የሚጥለው የትኛውን ነው? ወገኖቼ፣ የምንፈራው ይህን ነው።

እንግዲህ ዲናችን ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? ቡኻሪ የዘገቡትን የሰልማንንና የአቡደርዳእን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ ባለቤቱ ራሷን ጥላ አገኛት። ምክንያቱን ቢጠይቃት ባሏ ከዱንያ ጉዳይ እንደሌለው ነገረችው። አቡደርዳእ ለእንግዳው ምግብ አቅርቦ እርሱ ግን ጾመኛ ነኝ አለ። ሰልማን ካልበላህ አልበላም ብሎ አስፈጠረው። ሌሊትም አቡደርዳእ ገና ከመጀመሪያው ለሶላት ሊነሳ ሲል እንዲተኛ ነገረው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ግን ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸውና ለሁሉም ሐቁን እንዲሰጥ መከረው። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገር ሰልማን እውነት መናገሩን አረጋገጡ።

ልብ እንበል። ሰልማን ወንድሙን ሶላት አላስተወውም፤ ሰዓቱን አሳየው። ለልጆቻችን ልናስተምራቸው የሚገባውም ይህንኑ ነው። ሰዓትን ማስተዳደር ማለት ቀኑን በሥራ መሙላት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ባለ ሐቅ ሐቁን መስጠት ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ነፍስ የሚገባት ሐቅ እንቅልፍና ጨዋታ ነው።

ሌላም እንጨምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የታሰረ ገመድ አዩ። ዘይነብ (ረ.ዐ.) በሶላት ሲደክማቸው የሚይዙት መሆኑ ሲነገራቸው ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ብርታት ሲኖረው እንዲሰግድ፣ ሲደክመው እንዲቀመጥም አስተማሩ። እኛስ በልጆቻችን ቀን ላይ ስንት ገመድ አስረናል? አስጠኚው አንድ ገመድ፣ ውድድሩ አንድ ገመድ፣ "የእገሌ ልጅ አንደኛ ወጣ" የሚለው ንግግራችን ደግሞ ሌላ ገመድ ነው።

እኛ ቤት መፍታት የጀመርነው እንዲህ ነው። እናቱ፣ እኔና ልጁ አንድ ላይ ተቀምጠን በባዶ ወረቀት ላይ አስቀድመን አምስቱን ሶላቶች ጻፍን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሶላት ሰዓቶቿ ከክረምት በጋ ብዙ አይራራቁም፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ የሰዓት ሠሌዳ የለም። ቀጥሎ እንቅልፉን ጻፍን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላም ወሬን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ዒሻን ሰግዶ፣ እራቱን በልቶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲተኛ፣ ለፈጅር 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲነሳ ወሰንን። ይህ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዐስር በኋላ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ የእርሱ ነው፤ ኳስም ይጫወት፣ ዝም ብሎም ይቀመጥ፣ ማንም አይጠይቀውም። በቀረው ቦታ የማይገባው ሁሉ ይውጣ አልን። አስጠኚው ወጣ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት አንድ ብቻ ሆነ፤ የትኛው ይቅር የሚለውን እንዲመርጥ የተደረገው ልጁ ራሱ ነው። መድረሳውን ከኡስታዙ ጋር ተመካክረን በሳምንት ከስድስት ቀን ወደ አራት ዝቅ አደረግነው።

ስልክ ከዒሻ በኋላ ሳሎን ቁም ሣጥን ላይ እንደሚያድር ስንስማማ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ "አባዬ፣ ያንተስ?" አለኝ። እኔ እራት ላይ ሆኜ የሥራ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ። ልቆጣ ከጅሎኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። ልጅ ገደብን የሚማረው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔም ስልክ ቁም ሣጥኑ ላይ ያድራል።

ቀጣዩ ትምህርት "አሁን አልችልም" ማለት ነበር። በባህላችን ልጅ ሲላክ መሮጥ አለበት። መታዘዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ለወላጅ መልካም መሆን ደግሞ ግዴታ ነው። ይሁንና የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያዘው፣ ጓደኛ በጠራው ሁሉ የሚወጣ፣ አልፈልግም ማለትን ያልተማረ ልጅ ነገ መጥፎ ባልንጀራ ሐራም ነገር ሲያቀርብለት በየትኛው ምላሱ እምቢ ይላል? ታላቅ ሰው የማይገባ ነገር ቢጠይቀውስ? እምቢታ በትንሹ ካልተለመደ በትልቁ አይገኝም።

ለዚህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ማስረጃ አለን። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጥ ቀረበላቸውና ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ተራው የቀኙ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሽማግሌዎቹ እንዲያስቀድሙ ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ ከእርሳቸው የሚደርሰውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ተናገረ። ረሱልም ዋንጫውን በእጁ አኖሩለት። አልተቆጡትም፤ ባለጌም አላሉትም። የአላህ መልእክተኛ የልጅን ሐቅ ካስፈቀዱ፣ እምቢታውንም ካከበሩ፣ እኛ ማን ሆነን ነው የልጆቻችንን ቀን ሳንጠይቃቸው የምናድለው?

ቁርኣንም በሱረቱ ኑር ቁጥር 58 ላይ ልጆች በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ዕረፍትና ከዒሻ በኋላ አስፈቅደው እንዲገቡ ያዛል። ልጅ የሰው ጊዜና ገመና በር እንዳለው የሚማረው ከዚህ ነው። በር ማንኳኳትን ያስተማርነው ልጅ የእርሱም በር ሲንኳኳ ማየት አለበት።

ስለዚህ ልጃችን በአደብ እንዲመልስ አለማመድነው። ጎረቤታችን ሱቅ ሲልኩት ሰዓቱ የሶላት ወይም የጥናት ከሆነ፣ "እማማ፣ ሶላቴን ሰግጄ ልምጣ?" ይላል። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ኋላ ግን ቃሉን ጠብቆ ሲመጣ አዩና አሁን ራሳቸው፣ "ጊዜ አለህ ልጄ?" ብለው ይጠይቁታል።

አንዳንድ ወገኖች ይህ ስንፍናን ማስተማር ነው ይሉናል። ዘመኑ የውድድር ነው፤ ሙስሊም ልጅ ደግሞ ወደኋላ መቅረት የለበትም ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። አልዋሽም፣ ከክፍሉ 3ኛ ይወጣ የነበረው ልጄ በቀጣዩ ሴሚስተር 7ኛ ወጣ። ካርዱን ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር። ለሒፍዝ ውድድሩም አልደረሰም። ነገር ግን የሆድ ሕመሙ ጠፋ። ኡስታዙም፣ "የሚሐፍዘው ቀንሷል፤ ግን አሁን የአንቀጹን ትርጉም ይጠይቀኛል፤ ድሮ አይጠይቅም ነበር" አሉኝ። እኔ ይህን ከሦስተኛ ደረጃ አስበልጬ ተቀብያለሁ። ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም፤ የእኛን ሠሌዳ ማንም እንዲገለብጠው አልመክርም። ብዙ የሚችል ልጅ አለ፤ ለእርሱም ቢሆን የሚችለውን የሚነግረን ራሱ እንጂ የጎረቤት ልጅ ውጤት አይደለም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጅ አማና ነው። ነገ የቂያም ቀን ከእረኝነታችን ስንጠየቅ ስንት ኮርስ አስመዘገብከው ተብለን ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ልቡም እንጠየቃለን። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡ። የልጃችሁን ቀን ጻፉና የሚተኛበትንና የሚጫወትበትን ሰዓት ፈልጉ። ካጣችሁት ከእናንተ ጋር ሆኖ የሚፈታውን አንድ ገመድ ምረጡ።

እነሆ አሁን ልጄ አንዳንዴ ከሶላት በኋላ ሱጁድ ላይ ይቆያል። እኔም ጠጋ ብዬ አያለሁ። ነቅቷል።

ያረብ፣ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ አድርግልን። ከአቅማቸው በላይ ከምንጭንባቸው ነገር አንተው ጠብቃቸው። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።