ለልጅ «ምንም የለብህም» ይባላል?

እህቶቼ፣ እኛ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ማለት የለመድን ሰዎች ነን። እናት እንዳትጨነቅ ብለን ነው፤ ማንም አይፈርድብንም። ይሄ ልማድ አስም ወዳለበት ልጅ ሲሻገር ግን ነገሩ ይለያል ባይ ነኝ።

አስም ሲነሳ በአየር ቧንቧ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል። ልጁ «አየር አጣሁ» ሲል እውነቱን ነው። ፍርሃትም በራሱ ትንፋሽ ያፈጥናል፣ ደረት ያጨንቃል። የ7 ዓመት ልጅ የቱ አስሙ፣ የቱ ፍርሃቱ እንደሆነ በምን ይለየው? (እኛስ መች እንለያለን!) አስም ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ለጭንቀትና ለድብርት እንደሚጋለጡ ሐኪሞች ያውቃሉ። ሌሊት ሳሉ ስለሚቀሰቅሳቸው መተኛት የሚፈሩ አሉ። ክፍል ውስጥ ፓፍ ማውጣት የሚያፍር አለ። አንዳንዱ ሩጫ ይተዋል፤ ብዙ መሳቅም ሊያስነሳው ስለሚችል ሳቁን እንኳን ይቆጥባል።

እንዲህ ያለውን ልጅ «ምንም የለብህም፣ ዝም በል» ስንለው የገዛ ደረቱን እንዳያምን እያስተማርነው ነው። በኋላ ሲብስበትም ይደብቀናል፤ ይሄ ደግሞ ለሕይወቱ ያሰጋል።

እውነት ይነገር ማለት ግን ፊቱ ላይ እንጩህ ማለት አይደለም። ልጅ ከቃላችን በፊት ፊታችንን ያያል። ፊትን ማረጋጋት ውሸት አይመስለኝም፤ የሚዋሸው ቃሉ ነው። «አዎ፣ ጠቦሃል። ፓፉን እንውሰድ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅሃል። እኔ እዚሁ ነኝ» ማለት እውነትም ማጽናኛም ነው። ፓፉ ካልያዘለት ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ደግሞ ወሬ የለም፣ ወደ ሆስፒታል ነው።

እዚህ ቤይሩት ማዳሟ «አስም እንዳለበት እንዳትነግሪው» የምትልበት ቤት አለ። ልጁ ግን ሌሊት የሚጠራው አጠገቡ የተኛችውን ነው። የበሽታውን ስም መንገር የእናቱ ድርሻ ነው እላለሁ። «ጠቦሃል፣ አይቻለሁ» ለማለት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

አገር ቤት አስም ያለበት ልጇን ለአያቱ የተወችም አለች። አያት ከፍቅር ብዛት ኳስ ትከለክላለች። አስሙ በየቀኑ በሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት በደንብ ከተያዘ ግን አብዛኛው ልጅ መሮጥ ይችላል። ስትደውይ «አይሩጥ» ከማለት «መድኃኒቱን ወስዷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ስልኩን ለራሱ ይስጡት፤ ስለ ሳሉ ሳይደብቅ ይንገርሽ። መልሶ «አንቺስ?» ሲልሽ ምን እንደሚባል እኔም ገና እያሰብኩበት ነው።