የአንዱ ክብርና የባልንጀሮቹ ድካም

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ስትከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻችኋለሁ። በዚያ አገር ትልቅ ሊግ ውስጥ በየዓመቱ ለአንድ ተጫዋች «ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ» ተብሎ ሽልማት ይሰጠዋል፤ ልማዱም የተጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ክርክራችሁ ዘወትር ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። አንዱ፥ «ባልንጀሮቹ ጎበዞች ስለ ሆኑለት ነው እንጂ» ይላል፤ ሌላውም፥ «የኔው ደካሞችን ተሸክሞ ነው እዚህ የደረሰው» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ይመስላል፤ እኔ ግን ምስጋናን ለባለቤቱ ስለ መስጠት የሚነሣ ከባድ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በ1962 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው የውድድር ዘመን የፊላዴልፊያው ዊልት ቼምበርሌን በእያንዳንዱ ጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብ አገባ። ከእርሱ በቀር በአማካይ 40 የደረሰ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በዚያው ዓመት ማርች 2 ቀን በአንድ ጨዋታ ብቻ 100 ነጥብ አስቈጥሯል። የቦስተኑ ቢል ራስል አማካይ ግን 18.9 ነበረ። ሽልማቱን ያገኘው ራስል ነው። የመረጡትም ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ።

ለቼምበርሌን የሚሟገት ሰው የሚለው አያጣም። ቦስተን ቦብ ኩዚን፥ ሳም ጆንስን፥ ቶም ሄይንሰንን የያዘ ቡድን ነበረ፤ አሠልጣኙም ብልሁ ሬድ አወርባክ ነበረ፤ ከ80 ጨዋታ 60 አሸነፉ። እንዲያውም ከሽልማቱ ዘመን በኋላ በተደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር ሁለቱ ቡድኖች እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ተናንቀው ቦስተን 109 ለ107 ሲያሸንፍ፥ የመጨረሻዋን ኳስ ያስገባው ሳም ጆንስ ነው። ያች ኳስ ብትስት ኖሮ ራስል ያነሰ ሰው ይሆን ነበርን? አይሆንም። ራስል ሥራው ሌላ ነበረ፤ ቅርጫቱን ይጠብቃል፤ የተወረወረችውን ኳስ ሲመልስ ከሜዳ ውጭ አያባርራትም፥ ወደ ባልንጀሮቹ ያደርሳታል እንጂ። ኩዚ ራስል ከመምጣቱ በፊት የታወቀ ጎበዝ ሳለ ቦስተን ዋንጫ አላገኘም ነበር፤ ራስል ከመጣ በኋላ በ13 ዓመት ውስጥ 11 ዋንጫ አነሡ። እንግዲህ ባልንጀሮቹ እርሱን አገነኑት እንበልን፥ ወይስ እርሱ እነርሱን?

አንዳንዶቻችሁ፥ «ሰውየውን አውጥቶ ማየት ነው» ትላላችሁ። መልካም፤ አውጥተን እንይ። ማይክል ጆርዳን በ1993 እ.ኤ.አ. ኳስ ሲያቆም የቺካጎ ቡድን ካለፈው ዓመት 57 ድል ወደ 55 ብቻ ወረደ። ሌብሮን ጄምስ በ2010 ክሊቭላንድን ሲለቅ ግን ቡድኑ ከ61 ድል ወደ 19 ተንኰታኰተ። እንደዚህ ሚዛን ከሆነ የጆርዳን ዋጋ ሁለት ጨዋታ ነው ማለት ነው፤ ይህን የሚል ሰው ቢኖር ይሣቅበታል። ባለ አንድ ምሰሶ ጎጆ ምሰሶው ሲነቀል ይወድቃል፤ ብዙ ቋሚ ያለው ቤት ግን ወፍራሙ ቢወጣለትም ለጊዜው ይቆማል። የቺካጎ ሰዎች ሦስት ዓመት ተከታትለው ዋንጫ ሲያነሡ አብረው የተማሩ ነበሩ፤ አዲስ ሰውም ተጨምሮላቸው ነበር። በክሊቭላንድ ደግሞ አሠልጣኙም ሌሎችም አብረው ተለወጡ። እንግዲህ ይህ ፈተና የሚመዝነው የሄደውን ሳይሆን የቀረውን ነው።

ከዚህም የባሰ ጉድለት አለበት። ጥማድ በሬ ሲያርስ አስቡ። የቀኙን ፍቱት፤ እርሻው ይቆማል፤ ስለዚህ ማሳው ሁሉ የቀኙ በሬ ሥራ ነው። የግራውንም ፍቱት፤ እርሻው ይቆማል፤ ስለዚህ ማሳው ሁሉ የግራው ሥራ ነው። የታረሰው ማሳ ግን አንድ ነው! ሁለት ሆነው የሠሩትን ሥራ እንደ እንጀራ ቈርሶ፥ ይህ ያንተ ነው፥ ይህ የእርሱ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ዕርፍ የጨበጠው ገበሬ የትኛው በሬ እንደሚስብ፥ የትኛውም እንደሚለግም ያውቃል። ይህን ያወቀው በሬ በመፍታት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ሆኖ በማየት ነው።

በመምህርነቴ ዘመን በየሴሚስተሩ ካርድ ላይ «1ኛ» እያልሁ እጽፍለት የነበረ አንድ ልጅ ነበረ። እኅቱም በዚያው ክፍል ነበረች፤ 19ኛ ናት። ማታ እርሱ በፋኖስ ሲያነብ ውሃ የምትቀዳው እርስዋ መሆንዋን ዘግይቼ ሰማሁ። ደረጃውን አልለወጥሁም፤ ፈተናውን የጻፈው እርሱ ነውና። አባታቸውን ግን አስጠርቼ በየተራ እንዲቀዱ ለመንሁት። «መምህር፥ ወንድ ልጅ እንስራ ይሸከማልን?» ብሎ ሣቀ፤ ኋላ ግን በፈተና ሰሞን እንኳ ሊያሳርፋት እሺ አለ። በሚቀጥለው ሴሚስተር 8ኛ ወጣች። እርሱም 2ኛ ሆነ።

እኔን የሚያሳስበኝ የባልንጀራ ድካም እንደ ሙያ ሲቈጠር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሽልማቱን ያገኘው ራስል ዌስትብሩክ ነው፤ ኬቪን ዱራንት ትቶት ከሄደ በኋላ ብቻውን ቡድኑን ለ47 ድል አበቃ ተብሎ ተደነቀ። ድካሙን አልንቅም። ነገር ግን ባልንጀሮቹ በደከሙ ቍጥር የሰው ክብር የሚጨምር ከሆነ፥ ጓደኛውን የሚያጎብዝ ሰው ራሱን ከሰረ ማለት ነው። በ2006 ኮቢ ብራያንት በአማካይ 35.4 ነጥብ ሲያገባ ስቲቭ ናሽ 18.8 ብቻ አገባ፤ ሽልማቱ ለናሽ ሆነ። የናሽ ባልንጀራ ቦሪስ ዲያውም በዚያው ዓመት «ከሁሉ ይልቅ የተሻሻለ» ተብሎ ተሸለመ። ይህ ምርጫ ብዙ ሰው አስቈጥቷል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ተጫዋቾቹ ይመርጡ በነበረበት ጊዜ ያሸነፈውን ቡድን ብቻ ተከትለው አልፈረዱም። በ1976 የካሪም አብዱልጃባር ቡድን 40 አሸንፎ 42 ተሸንፎ ሳለ እርሱን መረጡት፤ በሜዳ ላይ ክንዱን የቀመሱ ነበሩና። እንደ ገበሬው ማለቴ ነው። ቅንዓት አልነበረባቸውም አልልም። ከ1981 ወዲህ መራጮቹ ጋዜጠኞች ናቸው፤ በወረቀታቸው ላይ አምስት ስም በየደረጃው ይጽፋሉ። ጆርዳን ባልነበረበት በ1994 የቺካጎው ስኮቲ ፒፐን ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ሦስተኛ ሆኖ ተቈጠረ። ሰውየው ያው የትናንቱ ፒፐን ነበረ፤ ብቻ ከፊቱ የቆመው ሰው ዘወር አለለት።