የወላጅና የልጅ መተዋወቅ

ልጅ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ አደራ እንጂ የሰው ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የሌላውን ልጅ በጉዲፈቻ ተቀብሎ ማሳደግ ታላቅ ምግባር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጃቸውን ለሌላ የሰጡ ወላጆች ልጁን የማወቅ መብታቸውንም አብረው ሰጡትን?

በሂርናና በሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ስም ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ሲሆን ምሥጢሩም ማሳደግ ነው። በቀደመው ልማድ ልጁ የሚሰጠው በሽማግሎች ፊት በግልጥ ስለ ነበረ፣ ማን እንደ ወለደውና ማን እንዳሳደገው ከጎረቤት አይሰወርም ነበር። ዛሬ ግን አንዳንድ አሳዳጊዎች የልጁ ልብ ይከፈልብናል ብለው በመፍራት የወላጆቹን ስም ይሸሽጋሉ፤ እናቲቱም በደጃቸው እንዳታልፍ ይከለክላሉ።

የአገራችን ሕግ ይህን አይደግፍም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ወላጆቹን ወይም ሕጋዊ አሳዳጊዎቹን የማወቅና በእነርሱ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም (ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል) የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋራ ያለው ዝምድና እንዳይቋረጥ ያዝዛል። ሕገ መንግሥቱ መብቱን የጻፈው ለልጁ ነው፤ ነገር ግን መተዋወቅ በአንድ ወገን ብቻ አይፈጸምም። ልጅ እናቱን ካወቀ እናቱም ልጇን ታውቃለች።

ዝምድና ሲቆረጥ የሚመጣውን ኀዘን ከውጭ አገር ጉዲፈቻ ተምረነዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ የተወሰዱት የኢትዮጵያ ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ወላጆች ውሉን የፈረሙት፣ ጉዲፈቻን እንደ አገራቸው ልማድ ተረድተው፣ ልጃችን ተምሮ ይመለሳል፣ ወሬውም አይጠፋብንም ብለው ነበር። በባዕድ አገር ግን ጉዲፈቻ የቀድሞውን ዝምድና ፈጽሞ የሚቆርጥ ሆኖ አገኙት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በእኛ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ አስቀረ።

እንግዲህ ወላጅ ስለ ወለደ ብቻ ልጁን ካሳደገው እጅ ይውሰድ ማለታችን ነውን? አይደለም። ማወቅ ሌላ ነው፤ መውሰድም ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ አክስት ያሳደገችውን ልጅ አባት በጠየቀ ጊዜ፣ ከአባትነት መብት ይልቅ የልጁን ጥቅም አስቀድሟል። በሰሎሞን ፊት የቆመችው እውነተኛ እናትም የታወቀችው፣ ልጇ ከሚሞት ለሌላይቱ እንዲሰጥ በመለመኗ ነው። ልጁን የሚጎዳ ወላጅ ቢኖር ዳኛ ይወስን፤ የአሳዳጊ ፍርሃት ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም።

ለአሳዳጊ ደግሞ ካህኑ ዔሊ ምሳሌ ይሁነው። ሐና ሳሙኤልን ለቤተ እግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ዔሊም ባሏንና እርስዋን ባረካቸው እንጂ ከልጃቸው አላራቃቸውም። የሳሙኤልም አገልግሎት በዚህ አልተጓደለም።

መሸሸግ የሚያመጣው ሌላም ጉዳት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የሥጋ ዘመዶችን ጋብቻ ትከለክላለች፤ ሕዝባችንም ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። ወላጆቹ የተሰወሩበት ጎልማሳ ሳያውቅ እኅቱን ቢያጭ፣ ካህኑ ማንን ከማን ቈጥሮ ይከለክለዋል?

ስለዚህ ካህናት ሆይ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ሲጠመቅ የወለዱትም ያሳደጉትም ስም በመዝገብ እንዲጻፍ እንትጋ። ልጁም ነገሩን ከመንገድ ሳይሰማ፣ አእምሮው ሲጸና ከአሳዳጊዎቹ አፍ እንዲሰማው እንምከር። ወላጆቹ ያልታወቁ እንደ ሆነም ይኸው እውነት ይነገረው። እግዚአብሔር ለወለዱት ማስተዋልን፣ ላሳደጉት ትዕግሥትን ያድልልን። አሜን።