የጽጌ ወራትና የቤታችን ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከክረምቱ ጭቃና ጉም አውጥቶ ወደ ጽጌው ብርሃን ያደረሰን የአባቶቻችን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በዚህ ዕትም ላካፍላችሁ የወደድሁት አሳብ ለሚሰማው ትንሽ ነገር ይመስላል። በዚህ ወራት ማታ ማታ በየቤታችን ስለሚቀርበው እሸትና ስለ እርሱ ስለምናቀርበው ምስጋና ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅት ትከፍለዋለች። ክረምቱ መስከረም 25 ቀን ሲፈጸም በማግሥቱ መጸው ይገባና እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። በየመንደራችን ይህን ጊዜ ጸደይ ሲሉት እንሰማለን፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 የሚወጣው ወቅት ነው። የመጸው የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ጽጌ አበባ ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ካህናቱና መዘምራኑ ቅዳሜ ማታ ገብተው እሑድ እስኪነጋ ድረስ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ፤ በፈቃዳቸው የሚጾሙትም ብዙዎች ናቸው።

ዳሩ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ምድር በአበባ በተሸለመችበት በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው ስደትን ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የሸሸችበትን መንገድ ታስባለች (ማቴ. 2፥13-15)። አባቶቻችን ስደቱ 3 ዓመት ከ6 ወር እንደ ሆነ ይነግሩናል፤ ኅዳር 6 ቀንም የደብረ ቁስቋምን በዓል እናከብራለን። አበባና ስደት ምን አገናኛቸው? መንገዱን የረሳ ምስጋና ጥጋብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ይመስለኛል። አበባውን እያየን ያለፈውን እንድናስብ፣ ያለፈውን እያሰብን ደግሞ አሁን በመንገድ ላይ ያለውን እንዳንረሳ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አድርጋ ታስተምረናለች። ስለዚህ የጽጌ ምስጋና ሦስት ሥራ አለው፤ ማየት፣ ማስታወስና ማካፈል።

የመጀመሪያው ማየት ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለሚበሉትና ስለሚለብሱት ለሚጨነቁ ሰዎች መምህር አድርጎ ያቆመላቸው የሜዳ አበባን ነበር (ማቴ. 6፥28-30)። ንጉሥ ሰሎሞን እንኳ ከነክብሩ ከአበባዋ ጋር ሊተካከል እንዳልቻለ ነገራቸው። ነገር ግን አበባዋን ለማየት መቆም ያስፈልጋል፤ የሚሮጥ ሰው አያያትም።

በዚህ ሰሞን ከአሶሳ ከተማ ጥቂት ወጣ ብንል የኑጉ ማሳ ቢጫ ለብሶ እናገኘዋለን። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልሄደም፤ በእኛ አገር እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቀዩ አፈር ከጫማ ጋር ይጣበቃል፤ ሣሩ ሰው ይውጣል። ማሽላው ገና እህል ሊይዝ ነው፤ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ማታ በየቤቱ ፍሙ ይወጣና የበቆሎው እሸት ይጠበሳል። አባት ከማሳ ገብቶ እግሩን ታጥቦ በርጩማው ላይ ያርፋል። ታናሽ እኅት ቡናውን ትቆላለች፤ ጭሱ በሽመሉ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። አቦሉ ይቀዳል፣ ቶናው ይከተላል፣ በረካው ሳይደርስ ሕፃኑን በእናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለጋዜጣ የሚሆን አንድም ወሬ የለም። ነገር ግን ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ቤቱን ሲናፍቅ የሚናፍቀው ይህንኑ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ቀን ወደ ቤት የምንመጣ ተማሪዎች በተለይ ይህን ልናስብ ይገባናል። ሰውነታችን ከማዕዱ ተቀምጦ ዓይናችን ስልክ ላይ ከሆነ፣ እናት ስታጎርሰን የጎረስነውን እንኳ ሳናውቅ እንነሣለን። አበባው 40 ቀን ብቻ ነው የተሰጠው። የወላጆቻችንም ዕድሜ እንዲሁ ልክ አለው፤ ልኩን ግን እኛ አናውቀውም።

ማየት ትንሹን ነገር ትንሽ ሳለ ማየት ነው። በምድረ በዳ ያን ያህል ሕዝብ በተራበ ጊዜ በጌታችን እጅ የነበረው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ጻፈልን ጌታ ያመሰገነው እንጀራው ገና አምስት ሳለ ነው (ዮሐ. 6፥9-11)። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሲበዛ እናመሰግናለን እንላለን። ስመረቅ፣ ሥራ ስይዝ፣ ቤት ስሠራ አመሰግናለሁ እያልን እሸቱ በእጃችን ላይ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ማስታወስ ነው። በኦሪት ዘዳግም 26ኛው ምዕራፍ ላይ ስለ በኵራት የተሰጠ ሕግ አለ። አራሹ የምድሩን የመጀመሪያ ፍሬ በቅርጫት አድርጎ ወደ ካህኑ ሲያመጣ ዝም ብሎ አስቀምጦ እንዲሄድ አልተፈቀደለትም። አባቱ ተንከራታች ሰው እንደ ነበረ፣ በቍጥር ጥቂት ሆኖ ወደ ግብፅ እንደ ወረደ፣ በዚያም መከራ እንዳየና እግዚአብሔር እንዳወጣው በአፉ መናገር ነበረበት። ቅርጫቱ ከታሪኩ ጋር ካልቀረበ ምስጋናው አልተፈጸመም።

ይህን ምዕራፍ በአሶሳ ወረዳ ቁጥር ያላቸው መንደሮች ውስጥ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ሩቅ ታሪክ አይሆንበትም። አምባ 14ን የመሳሰሉ መንደሮቻችን ቁጥራቸውን ያገኙት በሰፈራው ዘመን ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሀብ የወቅቱ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል አሰፈረ። አንዳንዱ ፈቅዶ መጣ፤ አንዳንዱ ተገዶ ተጫነ። በዚያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው አሶሳ ከወሎ የመጡት ብዙዎች ነበሩ። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ወባ ጠበቀው፤ ከረሀብ የተረፈው ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ።

አያቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናቸው። የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት ሲቀበሉ ቶሎ አይበሉትም፤ በሁለት እጃቸው ይዘውት ትንሽ ይቆያሉ። አንድ ቀን ማታ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኋቸው።

«የልጆቼን ድርሻ ነዋ» አሉኝ። ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት እዚሁ የቀበሯቸውን የሁለት ልጆቻቸውን ስም ጠሩልኝ።

«ታዲያ ይህን እያሰቡ እንዴት ያመሰግናሉ?» አልኋቸው።

«እነሱን የረሳሁ ለት ነው ምስጋናዬ የሚያልቅ። ያኔ እህል ብቻ መብላት ነው። አብሽር ልጄ፣ ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ በኵራት ሕግ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አልሰማሁም። ምስጋና ኀዘን የሌለበት ሰው ዘፈን አይደለም። ኀዘኑን ሳይሰውር፣ የጎደለውንም ሳይረሳ፣ በእጁ ያለውን ከእግዚአብሔር ተቀብሎ መብላት ነው። እመቤታችንም ከግብፅ ስትመለስ የቤተ ልሔም ሕፃናት አለመኖራቸውን አልረሳችም ብለን እናስባለን። ደስታዋ ያን ኀዘን ተሸክሞ የተመለሰ ደስታ ነው።

ይህን የሚነግሩን ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ታቅፈው የመጡት ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም ዐርፈዋል። ሳንጠይቃቸው ከሄዱ ቅርጫቱ በእጃችን ይቀራል፤ ከቅርጫቱ ጋር የሚነገረው ቃል ግን ይጠፋል።

ሦስተኛው ማካፈል ነው። ያው ሕግ ሲፈጸም አራሹ ከቤተ ሰቡ ጋር ብቻ እንዳይበላ፣ ሌዋዊውና በመካከሉ ያለው መጻተኛ አብረውት ደስ እንዲላቸው ያዛል (ዘዳ. 26፥11)። በእኛ አገር መጻተኛው ማን ነው? ነገሩን በእውነት ከተናገርነው መጻተኞቹ እኛ ነበርን። አያቶቻችን የሰፈሩበት መሬት ባዶ አልነበረም፤ የበርታ ሰዎች የሚያርሱበት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት አገር ነበረ። አያቴ ባምያ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረቻቸው አንዲት የበርታ ሴት እንደ ሆነች ዘወትር ይናገራሉ። እስከ ዛሬም የመጀመሪያው እሸት ሲደርስ አንድ እቅፍ ወደዚያ ቤት ሳይላክ የእኛ ምድጃ አይጫርም። እነርሱም በአረፋ ይጠሩናል።

ይህ ጉርብትና ብርቱ ነገር ነው፤ ነገር ግን ካልጠበቁት ይሰበራል። በዚሁ በክልላችን፣ በመተከል ዞን፣ በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቅሏል። በአንድ ምንጭ ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ሰዎች ተፈራሩ። እሸት መላላክ የቀረበት መንደር ወሬ ይላላካል። ስለዚህ ለጎረቤት የምትላክ አንዲት እቅፍ በቆሎ እንደ ቀላል ነገር አትታይ።

ደግሞም የግብፅ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። በክልላችን የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997፣ የባምባሲው ከ2012 ጀምሮ ከሱዳን የሸሹትን ሲያስጠልሉ ኖረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ልጅ አዝለው የተሻገሩ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ቅዳሜ ሌሊት ስለ ተሰደደችው እናት ቆመን አድረን፣ ሰኞ ገበያ ላይ ልጅ ያዘለችውን ስደተኛ ገፍተን ብናልፍ ማኅሌታችን ምን ይሆናል?

ምስጋናም የእኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ሺናሻዎች ክረምቱ አልፎ ብርሃን ሲሆን ጋሪ ዎሮ ብለው ፈጣሪን የሚያመሰግኑበት በዓል አላቸው። ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 17፥11-19)። ዘጠኙ ክፉ ነገር አላደረጉም፤ ጤናቸውን ይዘው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ እንጂ። ሰው ምስጋናን የሚተወው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በጥድፊያ ነው።

ከእናንተ መካከል «ኑሮው ተወዶ፣ ሥራ ጠፍቶ፣ ስለ ምን እናመስግን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አልንቀውም። ምስጋና የእህልን ዋጋ አያረክስም፤ ለተመራቂም ሥራ አያመጣም። ነገር ግን የጎደለውን ብቻ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ የጎደለው ሲሞላለት ሌላ ጉድለት መቁጠር ይጀምራል። አመስጋኝ ሰው ግን በማጣቱም ጊዜ የሚያካፍለው አያጣም፤ አያቶቻችን ከራሽን ስንዴ ላይ ቀንሰው ለታመመ ጎረቤት ገንፎ ያገነፉ ነበርና።

እንግዲህ የጽጌው ወራት ሳያልፍ ሦስት ነገር እናድርግ ብዬ አሳስባለሁ። በቤታችን ማዕድ ላይ ስልካችንን አስቀምጠን ቡናው እስከ በረካው ድረስ እንቀመጥ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱን ወይም አንዲቱን ያለፉበትን መንገድ ጠይቀን የሰማነውን በደብተራችን እንጻፍ። ከምንበላውም እሸት ጥቂት ወስደን የእኛ ወገን ላልሆነ ሰው እንስጥ። የኑጉ አበባ በቅርቡ ይረግፋል፤ ፍሬው የሚገኘው ግን ከረገፈ በኋላ ነው። የምናየው፣ የምናስታውሰውና የምናካፍለው ነገር እንዲሁ በልባችን ፍሬ ይይዛል።

በስደቷ ስደተኞችን የምታስብ እመቤታችን በምልጃዋ አትለየን። አበባውን ያሳየን አምላክ ፍሬውንም ለመብላት፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም ለመኖር ያብቃን። ወላጆቻችንን በዕድሜ በጤና ያቆይልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።