የማልቀምሰው ወጥ

ማጀቴ ወይም ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ በይፋት ቆላ፣ ሰርግ ከተጠራችሁ ድስቶቹን ቁጠሩ። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል። አራጁ ሙስሊም ነው፤ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ወጡን የሚሠሩትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ሙስሊሙ ሲደግስ ደግሞ በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ይጠራል። ወሎም ወጉ ይኸው ነው። ደጋሹ ገንዘቡን ያወጣበትን ሥጋ አይቀምስም። ጨው ይብዛበት ይነስበት እንኳ የሚያውቀው በሰው ምላስ ነው።

ታዲያ የማላምንበትን ነገር ማክበር ማስመሰል ነው ወይ?

ስልካችን ላይ ሁለት መልስ ይዞራል። አንዱ «የእነሱ በዓል ደጃፍ አትድረስ» ይላል። ሌላው ደግ ይመስላል፤ «ምን ልዩነት አለን? ሁላችንም አንድ ነን፣ ከአንድ ትሪ እንብላ» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው። ልዩነት የለም ካልኩ፣ ጎረቤቴ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ከንቱ ነው ማለቴ ነው። በፈገግታ ቢነገርም ንቀት ነው። ሁለቱ ድስቶች ግን ሌላ ነገር ይላሉ፦ «እምነትህ የእኔ አይደለም፤ አንተ ግን እንደምትኖርበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ በጉን ከእኔ በረት ውሰድ።» እዚህ ውስጥ ማስመሰል የቱ ጋ ነው?

በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። ዒድ አል ፈጥር ሚያዝያ 2 ሲውል ፋሲካ ገና ሚያዝያ 27 ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ወር ሙሉ ጾማ የፈታች ሙስሊም እናት ክርስቲያን ጎረቤቷን ለዒድ ከጠራች፣ በራሷ የፍስክ ቀን ምስርና ሽሮ በዘይት ልትሠራ ነው። ቅቤ የነካው ማማሰያ እንኳ እንዳይገባበት ትጠነቀቃለች። ያልጾመችውን ጾም ትጠብቃለች ማለት ነው።

«በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ድስቶቹ ምን አደረጉ?» የሚል ይኖራል። ምንም። ድስት ጥይት አይመልስም። ግን ከዚህ ተነስቶ «ጉርብትናውም ውሸት ነበር» ማለት አያስኬድም። ውሉ የሁለት ጓዳ ውል ነው፤ መሣሪያ ያነሳው ሰው የገባው ቃል የለም። ጓዳዎቹን በመሣሪያው ጥፋት መክሰስ ደግሞ ለባለመሣሪያው ነው የሚመቸው።

ቴሌቪዥኑ በየበዓሉ ይህንን «መቻቻል» ይለዋል። ቃሉ አይጥመኝም። የሚቻለው ሸክም ነው፣ ሕመም ነው። ማማሰያ የምትለየዋ ሴት ማንንም እየቻለች አይደለም፤ እንግዳ እየጠበቀች ነው። ኑሮው ከብዶ በግ ሲወደድም መላ አታጣም፤ በጉ ካልተቻለ ዶሮ ይታረዳል፣ ዶሮውም ካልሆነ ሽሮ ይሠራል። ሽሮ እንደሆነ አራጅ አይፈልግም።